ጭራ የሌላት አይጥ

ፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከደረጃው በታች፣
ሱቄ ጠባብ ናት፣ ሁለት ወንበር የያዘች።
«ማመልከቻ ይጻፋል» ይላል ሰሌዳዋ፤
ኮምፒውተርና ማተሚያ፣ ያ ነው ሙሉ ዕቃዋ።
አይጧ ግን አዲስ ናት፣ ጭራ የሌላት፣
ከፒያሳ ነው፣ በዱቤ ያመጣኋት።
«ገመድ አልባ» አለኝ ሻጩ እያሞካሸ፤
ገመዱ ቀረና ቀልቤ ተበላሸ።

ቀስቷ ደህና ስትሄድ፣ ሳይነኳት፣ ሳይመቷት፣
ቀጥ ትላለች፣ ከኋላ እንደጠሯት።
ባነሳት ዝም፣ ብነቀንቃት ዝም፣ ብመታት ዝም፤
ተመልሳ ስትነቃ ይቅርታ እንኳ የለም።

ጋሽ ይማም የመጡት ማክሰኞ በጠዋት፣
ጦሳን ከነአናቱ ጉም በዋጠበት ሰዓት፤
ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን ሲወርዱ ሲወጡ፣
በስልክ እንጨት አናት ጉልበታቸውን የሰጡ።
አቤቱታቸው አጭር፦ «ጡረታዬ ሲሰላ፣
ሰባት ዓመት ጎደለኝ። ማን ወሰደው? ማን በላ?»

«ሰባት» ብዬ ጻፍኩ፤ ላርመው ቀስቷን ስስብ፣
ከ«ሰ» ራስ ላይ ቆመች፣ እንደ ደከማት ዝንብ።

ከግድግዳው ሰዓት ነቅዬ ባትሪ ሰጠኋት፤
ሰዓቱ ሦስት ተኩል ላይ ቆመ። እሷም አልተሻላት።
አጥፍቼ አበራሁ፣ ሆዷን በላጲስ ጠረግሁ፣
የጠረጴዛውን ላስቲክ ገፍፌ ደብተር አነጠፍሁ።
ከታች ያለውን ቁልፍ ስጫን ቀይ ዓይኗ በራ፤
ወዲያው ጨፈነችው። ቆመ የኔ ሥራ።
ስልክ ጠጋኙ ከድር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣
«ሶፍትዌር ነው» ብሎኝ ሄደ፣ ትከሻውን አንስቶ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አሉ ጋሽ ይማም፣
«ባትሪው ምን አደረገሽ? ያ ምስኪን አልበላም።
እስቲ ቆይ ልየው። መስመር ሲጠፋ እኔ፣
ከጫፍ ተነስቼ ነበር የምሄደው በዘመኔ።
ሽቦ ሲበጠስ ሽቦውን ይዘሽ ትሄጃለሽ፤
ሽቦ የሌለው ሲጠፋስ፣ ምኑን ትይዣለሽ?
ለመሆኑ ይቺ ከማን ጋር ነው የምታወራ?»
«ጥፍር ከምታህል፣ ከኋላ ከተሰካች ጆሮ ጋራ።»

ሰባ የሞላው ጉልበት ሲሚንቶውን ነካ፤
ድምፃቸው ከጠረጴዛው ሥር፦ «እንዲህ ነው ለካ!
በብረትና በግድግዳ መሐል ወትፈሻት፣
ይሄን የሚያንሾካሹክ ሃርድ ዲስክ ጎረቤት ሰጥተሻት፣
ምን ትስማ ልጄ? ሐረጎ ላይ ነፋሱ ሲበረታ፣
ከእንጨት እንጨት ስንጣራ አንሰማማም ነበር ማታ።»

ከመሳቢያዬ ጥግ፣ ከብሎን ከክዳን ሥር፣
ወጣ አንድ ማራዘሚያ፣ ክንድ የማይሞላ አጭር።
ጫፉን ከሳጥኑ፣ ጆሮዋን ከጫፉ፣
ፊት ለፊት አምጥተው በፕላስተር ለጠፉ።

ቀስቷ ተነሳች። ከ«ሰ» ራስ ወርዳ፣
ከዳር ዳር ሮጠች፣ እንደ ባጃጅ በኮምቦልቻ ሜዳ።

ጋሽ ይማም ሳቁ፣ ጉልበታቸውን አራግፈው፤
«ገመድ አልባ!» አሉ፣ ገመዱን በጣት ነክተው፤
«ጭራዋን ቆርጠው ሸጡልሽ፣
አንቺ መልሰሽ ቀጠልሽ።»

ሦስት ቅጂ አተምኩላቸው። «ስንት?» አሉ። «ምንም የለም።»
«አብሽሪ» ብለው ሃያ ብር ከኪቦርዱ ሥር ሸጎጡ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ይኸው ሦስተኛ ወሩ። አይጧ ቀልብ ገዝታለች፣
ስጠራት ትመጣለች።
ሰዓቱ ዛሬም ሦስት ተኩል ነው፤ ባትሪውን አልመለስኩለት።
ጋሽ ይማም በየሰኞው ብቅ ይላሉ፣ ከቢሮው ሲመለሱ በእግረ መንገድ፣
«ሲስተም የለም፣ ነገ ይምጡ» የተባሉበት ፊት ይዘው፣
ያቺኑ ሁለተኛ ወንበር ስበው።
ሰባቱ ዓመት አልተገኘም።

ትናንት ዝም ብለው ቆዩ። ጣታቸው ገመዷን እየነካካ፣
«የዚያ ቢሮ ጆሮ» አሉኝ፣ «በየት በኩል ይሆን የተሰካ?»