ልዩ ምልክት

ቅጹ አንድ ገጽ ነው፣ ለሁለት የታጠፈ፣
ጥጉ ላይ ሻይ ፈስሶ ክብ አድርጎ የጻፈ።
ቀበሌ ዜሮ ሦስት፣ ኮምቦልቻ፣ ጠዋት፣
ልጄ አሥራ ስምንት ሞልቷት፣ መታወቂያ ላወጣላት።

ፈቲያ ኑርዬ ይማም፤ ሦስቱ ክፍል ሞላ፤
የአያቴ ስም ግን ቀረ፣ ከዳር ወደ ኋላ።
ስም እዚህ ወረፋ ነው፤ አዲስ ሰው ሲመጣ
ዳር የቆመው አዛውንት በዝምታ የሚወጣ።

ዶናቶ።
እኔ ዘንድ ነበረ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሞ፣
በሦስት መታወቂያ ሦስት ዓይነት ታትሞ፦
አንዱ ላይ ዶናቲ፣ አንዱ ላይ ደናቱ፣
ሦስተኛው ደነቀ አለው፣ አዝኖልኝ በብርቱ።
ቦርከና ስንዋኝ ከዳር ይጮሃሉ፣
«ዶናቶ ቲማቲም፣ ቀላ ቀላ!» እያሉ።

ማን ነበር ሰውየው?
«አካፋ ነው የያዘው፣ አልያዘም ጠመንጃ»
ትል ነበር ሚስቱ። እውነት ነው? እኔ እንጃ።
ደሴን ያነደዱት ቢመጡ በሰማይ፣
እሱ በእግሩ መጣ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ
ድንጋይ ፈለጠ፣ ጠጠር አነጠፈ፣
ጦሩ ሲሄድ ቀረ፣ ጎማ እየለጠፈ።
ልጁን «ይማም» ሲሉት፣ ትርጉሙ ሳይገባው
አጨበጨበ አሉ፤ ድምፁ ደስ ብሎት ነው።
በዓመቱ ሞተ፣ ወባ ነው። መቃብሩ?
ፋብሪካ ተሠራበት ይላሉ፣ ከነአጥሩ።

ወንድሜ ተማም ደሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ ዳር፤
«አማራ በል» ይላል፣ «ምን ያስኬዳል ዳር ዳር?
ሕልምህ በምን ቋንቋ፣ ስድብህ በምን ነው?
እሱን ጻፍና ና፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።»

እህቴ ሩቂያ ፎቶውን ሸክፋ
ሦስት ዓመት ተመላለሰች፣ ኤምባሲ ተሰልፋ።
«አባትሽን ልጄ ብሎ ፈርሟል ወይ?» አሏት፤
አልፈረመም። በቃ። በሩ ድረስ ሸኟት።
«ጣሊያን ነኝ» ትላለች አሁን ለጠየቃት፤
ቋንቋውን? «ቻው» ብቻ። እሷንም ማን አጣት?

እኔን ካላችሁኝ፣ ውርሴ ጎሚስታ ቤት አለ፦
ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካላማዳሪ የተንጠለጠለ።
የአያቴ ቋንቋ ነው ብዬ እንዳልኮራባት፣
የሎጊያ ሾፌር፣ የመርሳ ረዳት
«ካቻቢቴ» ሲሉኝ ማን ዘር ቆጥሮባት?

ጸሐፊዋ ቀና አለች። «ብሔር?»
«ወሎዬ» አልኳት።
«ወሎዬ ብሔር አይደለም፣ ጋሼ።»
«ታዲያ ምንድን ነው?»
ሳቀች። እሷም የወረባቦ ልጅ ናት።
«እኔ ምን ላድርግ፣ ዝርዝሩ ላይ የለም» አለች፣
ዝርዝሩን ደግሞ አገላብጣ አየች፣
ምናልባት ሳላየው ቀርቼ ይሆናል እንደሚል ሰው።

ከኋላ ወረፋው ጉሮሮውን ጠረገ፤
አንዱ በከዘራው ወለሉን ወጋ ወጋ አረገ።
አራት ቃል አስቤ አራቱንም ዋጥኩ።
የእናቴን ብጽፍ አያቴን ገደልኩ፤
የእሱን ብጽፍ ደግሞ፣ የእናቴ አጎት
ያንን ባንዲራ ነው አምባሰል የሸፈተበት።

ፈቲያ እስክሪብቶውን ከእጄ መነተፈች፤
በመዳፏ ከልላ አንድ ቃል ጻፈች።
ምን አለች? አላየሁም። አላየሁም ልበል።
ከዚያ ወደ ታች ወርዳ፣ ከደም ዓይነት ቀጥሎ፣
«ልዩ ምልክት» ከሚለው፣ ሰው ሁሉ «የለም» ብሎ
ከሚያልፈው ቦታ ላይ፦

ዶናቶ።
አንድም ፊደል ሳትስት።

ጸሐፊዋ አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች።
«የት ጋ ነው ጠባሳው?»
እኔ እጆቼን አየሁ፣ ጥፍሬ ሥር የጎማ ጥላሸት።
«አይታይም» አለች ልጄ።

የማኅተሙ ቀለም ደርቆ ነበር፤
ተነፈሰችበትና
ሁለት ጊዜ መታችው።