ጠርዝ

አፓም ወደቡ ላይ፣ ከምሽጉ ጥላ ሥር፣
አጎቴ ኤቦ ነው ታንኳ የሚያሳምር።
እኔ ቀለም በጥባጭ፣ ብሩሽ አጣቢ ነኝ፤
የዚያን ሰኞ ስሕተት ዕድሌ ነው ያሳየኝ።

«አለቀ» አለና ብሩሹን ሰጠኝ።
አላለቀም ነበር።
ከታንኳዋ አፍንጫ አንድ ስንዝር ያህል
ቢጫ ሳይነካው፣ ሰማያዊ ሳይደርሰው፣
እንጨቱ ራቁቱን ቆሟል።
«ጠርዙስ?» አልኩት።
«የቱ ጠርዝ?» አለኝ።
ሳቅሁ፤ የቀለደ መስሎኝ።

ለካስ ከርሟል፣ የበር መቃን ትከሻውን ሲገጨው፣
ባልዲ በእግሩ ሲደፋ፣ ሰላምታ ከጎን ሲያልፈው።
መንደሩማ ያማ ነበር፣ «አረቄ ነው» እያለው፤
ጠብታ ሳይቀምስ ነው ሰው ሁሉ ያሰከረው።

ሌባው ሌላ ነው።
በር አይሰብርም፣ ውሻ አያስጮህም፣
አያምም፣ አያስለቅስም፤
ከዳር ከዳር ይለቅማል፣ መሐሉን ለኋላ ያቆያል።
መሐል ደግሞ ይዋሻል፤
የመርፌ ቀዳዳ ያሳይሃል፣
«ዓይኔ ደኅና ነው» ያሰኝሃል።

ኬፕ ኮስት ወሰድኩት።
ሐኪሟ የዓይኑን ግፊት ለካች፣ ደግማ ለካች።
«ዓይን ውስጥ ውኃ አለ፤ ይመነጫል፣ ይወርዳል።
መውረጃው ሲታወክ ግፊቱ ይበረታል፣
ከኋላ ያለው ነርቭ ክር በክር ይበጠሳል።
ግላኮማ ነው» አለችው።

መረብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ክር ሲበጠስ ገባው።
«ያመለጠውስ ዓሣ?»
«እሱ አይመለስም» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር፤
«የቀረውን ግን እንጠብቃለን።»

ማታ ማታ አንድ ጠብታ።
ሦስት ወር አደረገ፤ ለውጥ አላየም።
ምን ይታያል? የማይታይ ነገር እንዳይመጣ ነው የሚከፈለው።
የጠርሙሷ ዋጋ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም ነው።
ቀለሙን ገዛ።

ሌላ ስንዝር ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ነው ምላጩ የመጣው፤
ለውኃው ሌላ መውረጃ ተከፈተለት።
ጠብታውን አሁን እኔ ነኝ የማደርግለት፣
አንገቱን ቀና አድርጎ፣ አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ።
ሲቀባም ቀድሞ ግራ እጁ ጠርዙን ይዳብሳል፤
ቀለሙ እጁን ይከተላል።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች።
«የእህቱ ልጅ ነህ?»
«ነኝ።»
«ዕድሜህስ?»
«ሠላሳ አራት።»
«ተቀመጥ።»

በእኛ ወግ የአጎት ሀብት ለእህት ልጅ ነው።
ታንኳ ነበር የምጠብቀው።

አገጬን አስደግፌ ነጭ ጎድጓዳ ውስጥ ገባሁ።
«መሐሉን ብቻ እይ። ብልጭ ሲል ተጫን።»
ብልጭ። ተጫንኩ።
ብልጭ። ተጫንኩ።
ከዚያ ዝም።
ዝም።
አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርቆ እቆጥራለሁ፤
ነጥቧ ናት ያልመጣች፣
ወይስ እኔ ነኝ ያላየሁ?