በሬና መረሬ

አትቆጪኝ እመት ጦይባ፤ ዶማና አካፋዬን አንስቼ፣
ከጉድጓድሽ ወጣሁ፣ ቀብዱን ለልጅሽ ሰጥቼ።
ሁለት ክንድ ወረድሁ፤ ሦስተኛውን ጨመርሁ፤
ጥቁሩን ስገልጠው ሌላ ጥቁር አገኘሁ።
አራተኛው ላይ ተውሁት። ታች ያለው ምን እንደሁ
እኔም አላውቅም፣ ወላሂ፤ ማወቁንም ፈራሁ።

ደላላው ያሳየሽ ወር ጥቅምት ነበር፣
ጭቃው ጠፍፎ ሲያበቃ፣ ስንጥቁ ሳይጀመር።
በጥቅምት መሬት ሁሉ ሙሽራ ይመስላል፣
ጠባዩን ማን ያያል?
ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ቦርከናም ቅርብ ነው፣
ኮምቦልቻም ማታ ማታ ከነመብራቱ ፊት ለፊት ነው።
እኔም ደላላ ብሆን እሸጠው ነበር።

የካቲት ላይ መጣሁ። ስንጥቁ አፉን ከፍቷል።
ክንዴን ብሰድበት እስከ ብብቴ ውጧል።
ጎንበስ ስል ከኪሴ የቤቴ ቁልፍ ወደቀ፣
ቅጭል አለ አንዴ፣ ከዚያ ድምፁ ራቀ።

እፍኝ አፈር ዘግኜ በምራቄ አራስሁ፣
በመዳፌ አሽቼ እንደ ገመድ አሾርሁ፤
ጫፍና ጫፉን ባገጥመው ቀለበት ሆነልኝ፣
ሳይሰበር ሳይላላ ጣቴ ላይ ገባልኝ።
አሸዋ ያለው አፈር እንዲህ አይታዘዝም፤
ለቀለበት የበጀ ለጎጆ አይበጅም።

ማታ ጣሳ ሞላሁ፣ ደረቁን ጠቅጥቄ፣
ውኃ አጠጥቼ አደርሁ፣ እንደ ሊጥ ጠብቄ።
ሲነጋ ከጣሳው አፍ ሁለት ጣት ወጥቷል፣
እርሾ ሳይነካው ኩፍ ብሎ አድሯል።
ሊጥስ ይጋገራል፤ ይኼን ማን ይጋግረዋል?

«ብረት ጨምርበት» አልሽኝ። ብረቱስ ምን በደለ?
እሱ እንዳቆሙት ይቆማል፤ ከሥሩ ያለው ነው የዋለለ።
የሙሄን ወፍጮ ቤት እዪው፤ ከጥግ እስከ መስኮት ተተርትሯል፣
በየዓመቱ በሲሚንቶ ይሰፋዋል፣
በየዓመቱ ይተረተራል።

ከማን ተማርህ ካልሽኝ፣ ከገዛ ቤቴ ነው።
አባቴ እንድሪስ፣ ነፍሱን ይማረው፣ የማረሻ ሰው ነው፤
«ጤፍ ያልነፈገኝ መሬት ቤት መች ይነፍገኛል» ብሎ፣
ግድግዳ አቆመ ማሳው መሀል፣ ምሰሶ ተክሎ።

በሬ መረሬን ይወዳል፤ ሰኔ ሲገባ ያርሰዋል።
በሬ መረሬን ይጠላል፤ ሐምሌ ሲገባ ይነክሰዋል።
ያኛው ባለ ቀንድ ነው፣ ይኼኛው ባለ ማጠፊያ፤
አንድ አፈር ላንዱ ማዕድ፣ ለሌላው ማነቂያ።

በበጋ ከሥሩ ድመት ከነግልገሏ ታልፋለች።
በክረምት ወለሉ ያብጥና
እስከ መስከረም ድረስ የሚከፍተው የለም።
ስንት እንግዳ በመስኮት ተቀበልን፣
ስንቴ ሳቅን።

አባቴ ነሐሴ ላይ ሞተ።
ቃሬዛ በመስኮት አይወጣም።
በሩን በመጥረቢያ ፈለጥሁት።
ከዚያ ወዲህ አንስቅም።

አንቺ ግን አብሽሪና ከአስፋልቱ በላይ ውጪ፤
ከጭንጫው፣ ዶማ ከሚጮኽበት፣ መሠረትሽን አውጪ።
ሣር አያበቅል ይሉታል፣ ፍየል እንኳ ይንቀዋል፤
ቤት ግን ሣር አይግጥም፣ ጭንጫ ይበቃዋል።
ሜዳ አገኛለሁ ብለሽ የተዳፋቱን ግርጌ አትቁረጪ፤
ተራራም ጉልበቱን ሲያጣ ይንበረከካል፣
ያውም አንቺን ተደግፎ።

ብርቱካንና ሎሚሽን ታች እዚሁ ትከይ፤
መረሬ ሥር ይወዳል፣ ግንብ ነው የሚጠላው።
ጠዋት ወርደሽ ኮትኩቺ፣ ማታ ወጥተሽ ተኚ።
ጉድጓዱን አልደፈንሁትም፣ ግማሹን አፈር መልሺበት፣
ለመጀመሪያው ችግኝ ይሆናል።

ምናልባት ስትቆፍሪ ቁልፌ ብቅ ካለ
ላኪልኝ፣ በጋ ከሆነ።
ክረምቱንማ
በሬን የሚቆልፈው መሬቱ ራሱ ነው።