ጋዝ ልገዛ ወጥቼ

ጋዝ ልገዛ ወጣሁ፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲዳዳ፣
በሰማንያ ሦስት፣ ጭር ባለ ማለዳ፤
ቢጫ ጀሪካኔ በግራ እጄ ጣት ላይ፣
የአቶ ገብረየስ ኮት በቀኝ ክንዴ ላይ፣
ሜትሬ አንገቴ ላይ።
ሬዲዮው ማርሽ እንጂ ሰው አያሰማም፤
ዳቦ ቤቱ ዝግ ነው፣ አውቶቡስ የለም።
«ዘራፊ ቢመጣ፣» ብላለች አመለ፣
«እሪ ብንል ማን አለ?»
ሰፈራችን ደግሞ እሪ በከንቱ ነው፣
መልሱን ከነስሙ ከጥንት የጨረሰው።

ራስ መኮንን ድልድይ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ
አንድ ወታደር አለ፣ እግሩ እንደ ሊጥ አብጦ፤
ቀበቶ የሌለው፣
ለጫማው ማሰሪያ ሲባጎ የቋጠረው፣
ጠመንጃውን ግና እንደ ታመመ ልጅ ጭኑ ላይ ያስተኛው።
«ወንድም ጋሼ፣» አለኝ፣ «በእናትህ ግዛኝ» አለኝ።
እሱን ነው? ብረቱን?
ቋንቋው አልለይልህ አለኝ።

ሃምሳ ብር ጠራ።
ልማዴ ነውና ከተጠራ መቀነስ፣
«ሠላሳ» አለ አፌ።
እኔ እኮ መተኮስ
የማውቀው በካውያ፣
ዶሮ ሲታረድ እንኳ ከጓሮ የምሸሽ ወዲያ!
እንቢ ቢለኝ ኖሮ ጋዜን ገዝቼ እገባ ነበር።
«እሺ» አለ።
እንዲህ ቶሎ እሺ የተባለ ገበያ
አላየሁም ከዚያ ወዲያ።

ብሩን ሁለቴ ቆጠረ፣ ለሦስተኛ ጊዜም ሊጀምር ሲል ተወው፤
ዓይኑ ኮቱን አየው።
«በዚህ ካኪ፣» አለኝ፣ «አገሬ አልደርስም፤
ደጀን ሳልሻገር አንዱ አይምረኝም።»
የሰው አደራ ነው ልለው አፌን ስከፍት
እጄ ቀድሞኝ ሰጠው።
ለበሰ። ካኪውን ለጠመንጃው ተወው።

እንደ ጣቃ ጨርቅ ጠቅልዬ ታቅፌው
ሰባ ደረጃን ወጣሁ፣ እያረፍኩ፣ እየጫንኩ።
«ሱፍ ነው ወይስ ቴትሮን?» አለኝ አንድ ዘበኛ።
«ቴትሮን» አልኩ።

አመለ ደጅ ቆማ፣ ምድጃው በርዶባት፣
ካኪውን ፈታሁላት።
ብረቱን አየችው።
ጀሪካኑን አነሳች፣ ነቀነቀችው፣
አፉን ቁልቁል ደፋች።
«ጋዙስ?» አለች።

ሌሊት በሻማ ለካሁት፣ ሌላ ምን አውቃለሁ፤
አንድ ሜትር ከሁለት።
ሰደፉ ላይ ደግሞ በምስማር ተጭሮ ስም አየሁ፤
«ይርገዱ» ይላል፤
ሚስት ትሁን እህት፣ ላምም ልትሆን ትችላለች።
ጥይት የለው፣ ሳንጃው ዝጎ አልወጣ ብሏል።
ከሲንገሬ ስር አስተኛሁት።
እኔ ግን አልተኛሁ።
ድመት ቆርቆሮ ላይ ስታልፍ ተነሳሁ፣
ጎረቤት ሲያስል ተነሳሁ፤
ድሮ ሌባ ቢገባ ምን ያገኛል ከኔ?
አሁን ብረት አለኝ፣ አብሮት መጣ ቅዠት፣ እንቅልፍ ማጣት ለኔ።
ለሰው ገዛሁ እላለሁ፤
ሲያሻው እያስነሳ፣ ሲያሻው እያስተኛኝ፣
አሥራ ሁለት ሌሊት እሱ ነው የገዛኝ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን «አስረክቡ» ተባለ።
ቀበሌው ደጅ ላይ ሰልፉ ረዘመ፣ የስኳር ቀን መሰለ።
ከፊቴ አንዲት እመቤት
ሁለት ቦምብ ይዘዋል፣ በአገልግል፣ ክዳኑ በነጠላ ጫፍ ታስሮ፤
ከኋላዬ ያለው «በስንት ገዛህ?» አለኝ፣
«ተበላህ! እኔ በሁለት ዳቦ ነው» አለኝ።
መዝጋቢው ልጅ ኮንጎ ጫማ ተጫምቷል፤ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ
አንድ ጭረት ጫረ።
ደረሰኝ የለውም።

ለአቶ ገብረየስ ከራሴ ሱፍ ቆርጬ ሌላ ኮት ሰፋሁ፤
«ያኛው ይሻል ነበር» ይሉኛል እስከ ዛሬ፣
ለክተው ያላዩትን።

ሠላሳውን ብር ረሳሁት።
ግን ዛሬም ፒያሳ ግራጫ ኮት ካየሁ
ከፊቱ በፊት እጅጌውን አያለሁ።
አቶ ገብረየስ ረጅም ናቸው፤ ያ ልጅ አጭር ነበር፣
ሁለት ጣት ተርፎት ጣቶቹን ውጦት ነበር።
መርፌ ኮሌታዬ ላይ፣ ክሩም ኪሴ ነበር፤
የአምስት ደቂቃ ሥራ፣
እዚያው ድልድዩ ላይ
«ቁም፣ ላሳጥርልህ» ብለው ምን ነበር።