ያልተወረወረ ኳስ ሒሳብ

እኔ የጠረጴዛ ሰው ነኝ። ደብተር፣ እርሳስ፣ ሰዓት፤
በቂጦ ፉርዲሳ ሜዳ፣ ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት፣
የገባውን እጽፋለሁ፣ የሳተውን እጽፋለሁ፣
ማን እንዳቀበለ፣ ማን እንደገፋ አውቃለሁ።
ለሚያጠቃ ሰባት አምድ አሰመርኩ፤ ለሚከላከል ሁለት፣
“ነጠቀ” እና “አጨናገፈ”። ሌላ ስም አላወቅሁለት።

ሙስባህ አባ ቢያ በአሥራ አራት ጨዋታ
ሦስት ጭረት ብቻ ነበረው፤ ድመት የቧጨረው ይመስላል የስሙ ቦታ።
ኮሚቴው ወረቀቴን አየ። ወረቀት አይዋሽም አለ።
ሙስባህ ከደሞዝ መዝገብ ወጣ፤ ማንም ምንም አላለ።

እኔም።

ከዚያ በኋላ በቀኝ በኩል የመጣ ሁሉ አለፈን፤
ጫማውን በሲባጎ ያሰረ ልጅ ሳይቀር እየሳቀ አሸነፈን።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣
በስልኬ ብርሃን ደብተሩን ገለጥኩ፣ በሌላ ዓይን ላነብ።
ኳስ ይዘው በመጡበት በእያንዳንዱ መቶ ተራ፣
ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ገባብን፣ ሙስባህ ሜዳ ላይ ሲሠራ።
ወንበር ላይ ሲቀመጥ መቶ አራት።
ደግሜ ቆጠርኩ።
መቶ አራት።

ልዩነቱ አሥራ አምስት። ደብተሩ ውስጥ ግን የትም የለ።
የቀረ ነገር በምን ይጻፋል? ያልሆነው መልኩ ምን መሰለ?

አቋቋሙ ትዝ አለኝ፤ ከአንድ ግንድ የተጠረበ
በርጩማ ላይ የተቀመጠ መስሎ፣
በርጩማው ግን የለ፤ ራሱን በጭኑ ችሎ።
እጁን አይሰነዝርም። ኳሱንም አያይም።
“ዓይን ይዋሻል፣ ትከሻ ይዋሻል” ይል ነበር፣
“እምብርት ግን ሰውየውን ትቶ የት ይሄዳል?”
አጥቂው ይመጣል፣ ያየዋል፣ ያመነታል፣
ኳሱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤
ሰዓቱ ያልቃል።
ይህን ምን ብዬ ልጻፍ? “ሊወረውር አሰበና ተወው”?
እርሳሴ የሐሳብ አምድ የለውም፤ ሰው የተወውን ማን ቆጥሮ ሊያውቀው?

ገመቹንም አሰብኩ፤ ያንን ዘንካታ፣ ስንቱን ኳስ ያጨናገፈ፣
ፎቶው በክለቡ ግድግዳ፣ ስሙ በሬዲዮ የከነፈ።
ለካስ አጥቂውን ወደ ገመቹ ክንድ ሙስባህ ነበር የሚነዳ፤
አንዱ ሲያባርር አንዱ ይጥላል፤ የጣለው ይፎክራል በሜዳ።

ግን እርግጠኛ ነኝ?
ሁለቱ ሁሌ አብረው ገቡ፣ አብረው ወጡ፤
በአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች፣ ማን ስንት ጎረሰ ቢባሉ
ምን መልስ ይሰጡ?

ደግሞ ዝናቡ አለ። የጅማ ዝናብ፣ ከሚያዝያ እስከ መስከረም።
ኳሱ ከእጅ ሲያመልጥ የሳቱትን ሁሉ ለሙስባህ መጻፍ አልችልም፤
ያለዚያ ደመናውንም ማሊያ አልብሼ ላስፈርም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአጂፕ ወደ መርካቶ ባጃጅ ያዝኩ።
መሪው ላይ ያለው እሱ ነው። ደነገጥኩ።
“ሙስባህ፣ ቁጥሩን እንደገና ሠራሁት፤
አሥራ አምስት ነጥብ ትከለክል ነበር።”
በመስታወቱ አየሁት፤
አልተናደደም።
“በስንት ጨዋታ?”
“በአሥራ አራት።”
“አንሷል” አለ።
ትንሽ ነዳና፣
“ለማባረር ግን በቅቶ ነበር።”

አደባባዩ ጋ አንድ አይሱዙ በቀኝ ሊቆርጠን መጣ።
ጥሩንባ አልነፋም። አልተሳደበም።
የሾፌሩን ፊት አላየም፤ የፊት ጎማውን ነው ያየው፤
መሪውን አንድ ስንዝር ወደ ቀኝ አስጠጋ፣ ያቺን ብቻ።
አይሱዙው አመነታ።
ቆመ።
ምንም አልሆነም።

መርካቶ ስደርስ፣
ሒሳብ ስንት ነው? አልኩት።

“ሃያ ብር።”