የጠፋችው ፋ

ስሜ አሎይዚ ነው፤ በካቶቪትሴ፣ በከሰል ከተማ፣
በቦርሳዬ መፍቻ፣ በጆሮዬ ዜማ
ይዤ የምዞር፣ ፒያኖ የምቃኝ፤
ሰው ሳይመጣ ገብቼ ሰው ሲመጣ የምወጣ፣
ጭብጨባ የማያገኘኝ።

ስለ ቦግና ግን ብናገር ያምርብኛል፤
ሃያሲ ከፊት አያት፣ እኔ በፒያኖው ሆድ በኩል፤
የትኛው መዶሻ በጣቷ እንዳለቀ፣
የትኛው ክር ላልቶ የትኛው እንደጠበቀ
እጄ ያስታውሰኛል።

ክለቡ ዱሮ የማዕድን ቆፋሪ መታጠቢያ ነበር።
ልብስ ይሰቀልበት የነበረው መንጠቆ
እስከ ዛሬ ጣሪያው ላይ አለ፣ ሰንሰለቱም ሳይቀር።
አባቷ እዚያ ታጥቦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወደ ቤቱ ገባ፣
ከጆሮው ጀርባ ግን ሳሙና ያላሸነፋት
አንዲት ጥቁር መስመር ተሸክሞ።
ልጁ በሃያ አራት ዓመቷ ከዚያው ጣሪያ ሥር
ጃዝ ልትጫወት መጣች፤
ደሞዟ አንድ ሳህን ሾርባና ሁለት ቢራ፣
ለድራመሩ ሦስት።

የዚያን ዕለት በረዶ ጣለ፤ ትራሙ መንገድ ላይ ቆመ፤
እኔም አረፈድኩ፤ ፒያኖው እንደታመመ
ሰው ሞላ፣ መብራቱ ጠፋ።
ከመሐል ዶ ወደ ቀኝ ሦስተኛዋ ነጭ፣ ያቺ ምስኪን ፋ፣
ቢጫኗት ድምፅ የላት፤ እንጨት ብቻ፣ ጠፍ ጠፍ፣
የሽማግሌ ነጠላ ጫማ በኮሪደር ሲያልፍ።

ቦግና አልሸሸቻትም።
ከደረጃው መሐል አንዱ መወጣጫ እንደጎደለ
የሚያውቅ ሰው በጨለማ ቤቱን እንደሚወጣ፣
ዜማው እዚያ ሲደርስ እጇ አየር ላይ ዋለለ፣
ቆየ፣
ባዶዋን ስፍራ ለሰሚው ትታ
ወደ ማዶ ተሻገረች።
በሩ ላይ ቆሜ፣ በረዶ በትከሻዬ፣ ቦርሳዬን አቅፌ
አፈርኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።
ቤቱ ግን ትንፋሹን ውጦ ቀረ።

በሳምንቱ ጋዜጣው «ዝምታ የምትጫወት» ብሎ ጻፈላት፤
የእኔ መዘግየት ስም ሆነላት።

ከዚያ ወዲያ ምን ልበል? ዝና ብልጭ ይላል፤ ኪራይ ግን ቀኑን አይስትም።
ሦስት መቶ ሸክላ አሳተመች፤ ሁለት መቶው እናቷ አልጋ ሥር ተኝቷል።
በባልቲክ ባሕር መርከብ ላይ ሰባት ብርድ አሳለፈች፣
ለማያውቋት ሽማግሎች የልደት ዜማ እየመታች፤
ማዕበል ሲመጣ ወንበሩ ይሄዳል፣
እሷ በግራ እግሯ ወለሉን ትይዛለች።
ጌራርድ ድራሙን ሸጦ ኢንሹራንስ ይሸጣል፤
ሚዬሽኮ ከነቤዙ ኮፐንሃገን ቀልጧል።
ከመቶ ሺህ በላይ ሰው፣ በስልክ፣ በመኪና፣ ሰማት አሉ፤
ለዚያ ሁሉ ጆሮ የተከፈላት
የአንድ ጫማ ሶል ማስቀየሪያ ነው በሙሉ።

ቪየና ጠራቻት፤ ኦስሎ ጠራቻት።
እዚያ ፒያኖው እንደ መርከብ ረጅም፣ ፋዋም ነፍስ ያላት፣
ንኪኝ ንኪኝ የምትል።
ሰው ግን ትኬት የቆረጠው ለዝምታው ነውና
እጇን አነሳች፤ ዘለለቻት።

ዛሬ ኮንሰርቫቶሪ ታስተምራለች፤ ግራ አንጓዋ በፋሻ።
ተማሪዎቿ ያችን ዝምታ በሜትሮኖም ይለካሉ፣
«ሁለት ሰከንድ ተኩል ናት»፣ «የለም፣ ሦስት» ይባባላሉ።
በኮሪደር ስታገኘኝ ጆሮዬ ሥር፦
«እውነቱን ልነግራቸው ነበር፣ አሎይዚ፤
ግን ጣሪያዬን ደግፋ የያዘችው ያቺው ቁልፍ ናት።»

ባለፈው ጥር፣ ክለቡ ባዶ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከነካፖርቷ መጣች።
«ያችን ፋ ሠርተሃታል?» አለች።
«በማግሥቱ» አልኳት። «ሃያ ሰባት ዓመት አልፏታል።»
ተቀመጠች። ጓንቷን በጥርሷ ሳበች።
አንዴ ብቻ ተጫነቻት፣
ጣቷንም አላነሳችም፣ ድምጿ እስኪያልቅ፣
መንጠቆዎቹ መሐል ገብቶ እስኪጠፋ፣
ከሰንሰለቶቹ አንዱ በስሱ ሲንቀጠቀጥ።
እንባ ጠብቄ ነበር፣ ወይም ሳቅ።
«ትንሽ ወርዳለች» አለችኝ።

እውነቷን ነው።
መፍቻዬን አወጣሁ።