የበረዳት ኳስ

ጥር ነው፤ ቢርዣይ ላይ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፤
የትምህርት ቤታችን ቦይለር ታሞ ተኝቷል።
ሐኪሙ እኔ ነኝ፤ አልፎንሳስ፣ ባለ ቁልፉ፣
ቧንቧ ሥር ተጋድሜ ሦስት ቀኖች አለፉ፤
መለዋወጫው ገና ከካውናስ አልመጣ፣
እጄ ዝገት ለብሶ፣ ቃሌ ሁሉ ቁጣ።

ከመጫወቻው አዳራሽ እንግዳ ድምፅ ሰማሁ፤
ድንች የሞላ ጆንያ የወደቀ መስሎኝ ገባሁ።
ራፖላስ ነበረ፣ የስድስተኛ «ለ»፣
ኳሷን እየመታ «ሞታለች!» እያለ፤
ቁመቱ ከክፍሉ በግማሽ ክንድ የላቀ፣
ያለ ኳስ ሲቀመጥ እግሩን የት እንደሚያደርግ ያላወቀ።

«ማነው የገደላት?» አለች መምህርቷ፣
ዳንጉዎሌ፣ በካፖርት፣ ሹራብ እስከ አንገቷ።
ዓይናቸው ወደ እኔ። የእኔ ወደ ጫማዬ።
ከበደኝ፤ ከእጄ ላይ ሊወድቅ ነው መፍቻዬ።

እሷ ግን አልፈረደች። ጠመኔ አነሣች፤
ግድግዳው ላይ ቁጥር፣ ሳንቲ በሳንቲ፣ እስከ ትከሻዋ አሰመረች።
አንዷን ኳስ በመስኮት ከበረዶው ከተተች፤
ሌላዋን ለኩሽናው ምድጃ አደራ ሰጠች።
«ሃያ ደቂቃ ነው። እስከዚያ ድረስ ገምቱ፤
ያልገመተ ሰው አያይም፣ ቢያፈጥም በከንቱ።»

ኡግኒዩስ «እኩል ናቸው» ብሎ ማስቲካ አስያዘ፤
ራፖላስ «የሞቀችው!» አለ፣ ጣቱ እየደነዘዘ።
ኤይማንቴ ከዳር ናት፤ ቡድን ሲከፈል
የመጨረሻዋ ስም፤ «በቃ፣ እሷም ትቀላቀል»።
ዛሬ ግን ደብተር ይዛ ከግድግዳው ሥር ተንበረከከች፣
ዓይኗን ከጠመኔው መስመር ጋር አስተካከለች።

«ልቀቅ!» አለች መምህርቷ መሰላል ላይ ላለው።
የኩሽናዋ ዘለለች፤ የፍየል ግልገል ነው።
የበረዶዋ ግን… ጠብ። አንዴ ቀና አለችና
ተኛች፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ፣ ሰኞ ጠዋት ገና።
«ዘጠና አራት» አለች ኤይማንቴ፣ ድምፅዋ ቀጭን፤
«ስድሳ»። ያንን ድምፅ ያን ዕለት ነው ገና መስማታችን።

«ኳስ ማለት» አለች ዳንጉዎሌ፣ «ቤት ናት፤
የማይታዩ ልጆች የሚሯሯጡባት።
ሲሞቃቸው ይፈጥናሉ፣ ግድግዳዋን ይገፋሉ፤
ሲበርዳቸው ይዝላሉ፣ ዳበስ ብቻ ያደርጋሉ።
ኳሷ አልሞተችም፤ እንግዶቿ ናቸው የቀዘቀዙ፤
መንፊያ ለምን? አንድ እንኳ አልወጣም፤ እዚያው ናቸው፣ ብዙ።»

እኔ መፍቻ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።
አርባ ዓመት ግፊት ስል፣ ሙቀት ስል ኖሬያለሁ፤
መርፌውን አነባለሁ እንጂ፣ ውስጡ ማን እንዳለ
ለመጠየቅ እንኳ ልቤ አልከጀለ።

ራፖላስ ግን፦ «ላስቲኩስ? እሱ አይበርደውም ወይ?
ጥፋቱ የአየሩ ነው ሁሉ? የእሱስ የለበትም ወይ?»
መምህርቷ ቆመች። ጣቷ ላይ ያለውን ጠመኔ እፍ አለች።
«እንጃ» አለች። «ስንት ስንት እንደሚካፈሉ አላውቅም» አለች።
«እንጃ» የምትል ቃል፣ ከመምህር አፍ ወጥታ፣
እንዲያ ስትነጥር አላየሁም፣ ካንዱ ልጅ ወዳንዱ ተመትታ።

ረቡዕ ራፖላስ ኳሷን በካፖርቱ ሥር አቅፏት መጣ፣
እንደ ድመት ግልገል፣ ጆሮው ቀልቶ ከቆቡ እንደወጣ፤
«እንግዶቼ እንዳይበርዳቸው» አለኝ። ሳቅሁ፤
ያላሞቅኋቸው እኔ ነኝና፣ ሳቄን ቶሎ ዋጥሁ።

ሐሙስ ዕቃው ደረሰ። ቦይለሩ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ቧንቧው አጉረመረመ፤ መስኮቱ ላብ አደረገ።
ጭብጨባ ጠብቄ ነበር፣ አልዋሽም። ኤይማንቴ መጣች፣
ደብተሯን ታቅፋ፣ እየፈራች፦
«አቶ አልፎንሳስ፣ የዕቃ ቤቱን ባይከፍቱት?
የላስቲኩን ገና አልጨረስነውም። ትንሽ ብርድ ቢተዉልን ምናለበት?»

ዘጋሁላት። በዕድሜዬ ብርድ የለመነኝ ሰው
እሷ ናት የመጀመሪያዋ፤ የሌላው ቃል «አሙቀው» ነው።

ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣ ከዕቃ ቤት አንዷን አወጣሁ፤
ከትከሻዬ ትይዩ ይዤ፣ ቁጥሩን እያየሁ
መጀመሪያ ገመትሁ።

ከዚያ ለቀቅኋት።